የነጭ ድብ አጎዛ

ነጭ ድብ እንድሆን የተመረጥኩት ከአንደኛ ክፍል ልጆች ሁሉ በልጬ አይደለም። ቤታችን ነጭ አጎዛ ስለነበረ ነው። አጎዛው ባይኖር እንደ ሌሎቹ ልጆች ራሴ ላይ ቅርንጫፍ አስሬ አጋዘን እሆን ነበር፤ እናቴም ገመናዋ እንደተሸፈነ አራስነቷን ትጨርስ ነበር።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አገሩ አሰላ። አስተማሪያችን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ብርድ የማይችል ሰው ነበር። ያኔ ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነው። ካፖርቱን ከጠዋት እስከ ማታ አያወልቅም። «አሰላ በጋ የላትም፤ ያላት አንድ ረጅም ክረምትና አንድ አጭር ክረምት ነው» ይል ነበር። እኛ ደግሞ በብርዳችን እንኮራለን። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ እጁን በእስትንፋሱ እያሞቀ፣ «ከዓለም ሁሉ የሚበርደው አገር የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቀን ክፍሉ በአንድ አፍ «ጭላሎ!» አለ። አንዱ ልጅ ብቻ፣ አጎቱ በቆጂ ስለሚኖር፣ «የለም፣ በቆጂ ነው!» ብሎ ተነሣ። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም።

አስተማሪያችን ስቆ ሲያበቃ ከቁም ሳጥኑ አንድ የተጠቀለለ ሥዕል አወጣና ምስማር ላይ ሰቀለው። ከአዲስ አበባ ለትምህርት ቤቱ የተላከ ነው። ምድሩ ነጭ፣ ተራራው ነጭ፣ ሰማዩም ነጭ ሆኖ እዚህም እዚያም አይተናቸው የማናውቃቸው እንስሳት ቆመዋል።

«ይህ በሰሜን በኩል የምድር ጫፍ ነው» አለ። «ዛፍ የለም፣ እርሻ የለም። ባሕሩ ራሱ ረግቶ እንደ ድንጋይ ስለሚጠጥር ሰው በላዩ ይሄድበታል።»

ይህን ማመን አልከበደንም። በታኅሣሥ ጠዋት ከብት የረገጠው ጭቃ ውስጥ ያቆረው ውሃ ቀጭን መስተዋት ለብሶ ያድር ነበር፤ እሱን ቋ እያደረግን እየሰበርን ነው ትምህርት ቤት የምንመጣው። የከበደን እንስሳቱን ማመን ነው። አጋዘኑን አየነው፤ ነጩን ቀበሮ አየነው። አንዱ ደግሞ እግር የሌለው፣ ጢማም፣ የወፍጮ መጅ የመሰለ ፍጥረት ነው። ስሙን በእንግሊዝኛ ነግሮን አፋችን አልይዘው ሲል «እንግዲያው የባሕር ውሻ በሉት» አለን።

አስተማሪያችን እንድንደነቅለት ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። እኛ ግን የማናውቀው እንስሳ ሲገጥመን የምንጠይቀው ሌላ ነው። «ሰኮናው ስንጥቅ ነው? ያመሰኳል?» አጋዘኑ በዚህ ፈተና አለፈ፤ «ይታለባልም» ሲለን በጣም ወደድነው። የባሕር ውሻው ግን ክፍሉን ለሁለት ከፈለው። የገና ጾም ነበርና ከውሃ ውስጥ የሚኖር ከሆነ እንደ ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ ተነሡ፤ ውሻ ተብሎ እንዴት ይበላል የሚሉም ተነሡ። አጠገቤ የምትቀመጠው የእስላም ልጅ «ማን ነው የሚያርደው?» ብላ ጠየቀች። በዚያ ብርድ አስተማሪያችንን አላበው።

መጨረሻ ላይ ዘንጉን ነጩ ድብ ላይ አደረገ። ድብ የሚባል አውሬ እንዳለ ዳዊት በጎቹን ሲጠብቅ እንደገደለው ስለሰማን በስም እናውቀዋለን። ነጭ መሆኑን ግን ማንም አልነገረንም። ሥዕሉ ላይ ያለችው ከበረዶ በተማሰ ጉድጓድ አፍ ላይ ተኝታለች፤ ሁለት ግልገሎች ሆዷ ሥር ተሸጉጠዋል።

«ይቺ እናታቸው ናት» አለ። «ልትወልድ ስትል በረዶውን ቆፍራ ትገባለች። ወልዳም ግልገሎቿ እስኪጠነክሩ ድረስ አትወጣም። ውጭው በብርድ ቢደርቅ እሷ እዚያ ውስጥ ይሞቃታል።»

እኔ ድሮም አፌ አያርፍም። እጄን አወጣሁና «ጋሼ፣ ገንፎዋን ማን ያገነፋላታል?» አልኩት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪያችን ግን አልሳቀም፤ ጥያቄዬን ከልቡ ያዘው። «ማንም አያገነፋላትም። ከመግባቷ በፊት በልታ ትወፍራለች። ያ ስቧ ነው ውስጥ የሚቀልባት። ከላይ ደግሞ ፀጉሯ አለ» አለኝ።

ስብ። እናቴ በዚያ ሰሞን ደርሳ ነበር፤ ዛሬ ነገ ትወልዳለች እየተባለ ነው። ክንዷ ከዘነዘና አይወፍርም። አባቴ ወደ ኦጎልቾ ወርዶ በቀን ሥራ የሰው እህል ይወቃ ነበር። ቤታችን የነበረው ቅቤ በሲኒ የሚያዝ ነው። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ይባል የለ፤ እኛም በዚያው ነበርን። ልጆቹ እየሳቁ ሳለ እኔ የማስበው እናቴን የትኛው ስቧ እንደሚቀልባት ነበር።

በሳምንቱ አስተማሪያችን አዲስ ነገር አመጣ። ከገና በፊት ወላጆች ተጠርተው ትምህርት ቤቱን ስለሚያዩ፣ የኛ ክፍል የቀዝቃዛውን አገር እንስሳት ሆኖ ይጫወታል አለ። አጋዘኖቹ ቅርንጫፍ ያስራሉ፤ የባሕር ውሾቹ ፊታቸውን ከሰል ተቀብተው በሆዳቸው ይንሸራተታሉ፤ ቀበሮዋ ነጠላ ትለብሳለች። «ለድቧ ግን እውነተኛ ፀጉር ያስፈልጋል። ነጭ አጎዛ ያለው ማን ነው?»

ክፍሉ ውስጥ የጸሐፊ ልጅ አለ፣ የነጋዴ ልጅ አለ፣ ሁሩታ መሬት ያላቸው ሰዎች ልጅ አለ። የሁሉም ቤት አጎዛ ቡናማ ወይም ቡራቡሬ ኖሮ ማንም እጁን አላወጣም። እኔ አወጣሁ። እነዚያ ሁሉ የሌላቸው ነገር እኛ ቤት መኖሩ ልቤን ነፋው። አጎዛው ከሁለት ነጭ በግ ተጋጥሞ የተሰፋ ነው፤ እናቴ ስታገባ ከሲሬ ያመጣችው። ለአራስነቷ ብቻ ነው የምታነጥፈው። በሌላ ጊዜ ጭስ እንዳይነካው በጆንያ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ይቀመጣል። እጄን ባወጣሁ ጊዜም ቆጡ ላይ ነበር።

ከዚያ እናቴ ወለደች። እኔ ከደጅ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። እናቴ ግን እንደሌሎች ሴቶች አልጮኸችም። ከደረቷ ሥር የሚመጣ፣ ረጅም፣ ወፍራም ድምፅ ታወጣ ነበር፤ እናቴ አልመስል ስላለችኝ ጆሮዬን ያዝኩ። ከዚያ እልልታው ሦስት ሆነ። ሴት ልጅ ናት። አዋላጇ ጎረቤታችን የአርሲ ኦሮሞ ሴትዮ ነበሩ፤ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እየቀላቀሉ ሁሉንም የሚቆጡ፣ ሁሉም የሚወዳቸው። ራሳቸው አጎዛውን ከቆጥ አውርደው መደቡ ላይ አነጠፉና እናቴን አስተኟት።

የነፍስ አባታችን ቄስም በማግሥቱ መጥተው ከአጥር ውጭ ቆመው «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብለው ሄዱ። ልጅ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ቀዳሽ ካህን አራስ ቤት አይገባም፣ ከአራስ መኝታም ጋር አይነካካም፤ ከነካ መቅደስ መግባት አይችልም። ይህን በአሰላ ያለ የክርስቲያን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የእኛዋ ሴት ስለሆነች ደግሞ ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነው።

አስተማሪያችን «አጎዛውን ነገ አምጪ» አለኝ። ቤት ገብቼ ምሰሶውን አቅፌ አለቀስኩ። እናቴ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እጄን አውጥቼ «አለን» ማለቴን፣ የጸሐፊው ልጅ «ይዋሻሉ፣ የላቸውም» ማለቱን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ ሕፃኗን ወደ ጎን አስተኝታ፣ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች።

«ልጄ ውሸታም አትባልም» አለች።

አጎዛውን ደጅ ይዛ ወጥታ አራገፈችው። የደም እድፍ ነበረበት። ብታጥበው በዚያ ብርድ አይደርቅላትም፤ ስለዚህ የገብስ ዱቄት እየነሰነሰች በመዳፏ አሸችው፤ እድፉ ነጣ። መደቡ ላይ ጭድ ጎዝጉዛ በላዩ ባዶውን ጆንያ ዘረጋችበት። እየተንቀጠቀጠች ነው ይህን ሁሉ የምታደርገው። ስትጨርስ አገጬን ይዛ ሁለት አደራ ሰጠችኝ።

«አንደኛ፣ ልጆች ቢነኩት ግድ የለም፤ ቄስ ግን እንዳይነካው። ሁለተኛ፣ ከእኔ ሥር እንደወጣ ለማንም እንዳትተነፍሺ። አራሷን ጭድ ላይ አስተኛት ተብሎ አባትሽ መቀለጃ እንዳይሆን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ እማዬ።»

ለአንድ ቀን መስሏት ነው የሰጠችኝ። አስተማሪያችን ግን «እስከ በዓሉ ልምምድ አለ» ብሎ ከሥዕሉ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ይህን ለእናቴ ስነግራት ወደ ሕፃኗ ዞራ «እሺ፣ ይሁን» ብቻ አለች። ጠያቂ ሴት ስትመጣ ጋቢውን እስከ እግሯ ትጎትታለች፤ ጭዱ እንዳይታይ። አዋላጇ ግን ወገቧን ሊያሹ ሲመጡ አገኙትና ጮኹባት። ሁልጊዜ የሚተኙበትን የከብት ቁርበት፣ እሳቸው ኢቲሌ የሚሉትን፣ ላምጣልሽ አሏት። «አለኝ እኮ፣ እያናፈስኩት ነው» ብላ ከለከለቻቸው። አምነዋት አይመስለኝም።

እኔ ደግሞ በየቀኑ ክፍል ውስጥ አጎዛችንን ሳይ እውል ነበር። አስተማሪያችን ያወጣውና ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። «ኑ፣ በተራ እጃችሁን አስገቡ! ፀጉር እንዴት አድርጎ ሙቀት እንደሚይዝ በእጃችሁ እወቁት» ይላል። ልጆቹ ተሰልፈው እጃቸውን ያስገባሉ። «ውይ ሲሞቅ!» ይላሉ። አንዷ አሽትታ «ቅቤ ቅቤ፣ ወተት ወተት ይላል» አለች፤ ፊቴ ፍም መሰለ። የኔ ተራ ሲደርስ እጄን አስገባሁ፤ እውነትም ይሞቃል። ጠዋት ከቤት ስወጣ የእናቴ ከንፈር ሰማያዊ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም። በውስጤ ግን አስተማሪዬ ፊቴን አይቶ እንዲገባውና እኔ አፌን ሳልከፍት አጎዛውን እንዲመልስልኝ እጸልይ ነበር። አልገባውም። ከምን ይገባዋል?

በዓሉ የዋለው በታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ነው። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ አቧራውን እያነሣ ይገርፍ ነበር። ወላጆች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ የሹማምንት ሚስቶች ጃንጥላ ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። አስተማሪያችን ካፖርቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አውልቆ ክራቫት አስሯል። አጋዘኖቹ ቅርንጫፋቸው እየተጠላለፈ ገቡ። የባሕር ውሾቹ ሣሩ ላይ በሆዳቸው ሲንሸራተቱ ሕዝቡ በሳቅ ሞተ፤ የአንዱ እናት «ሸሚዙ! ሸሚዙ!» ብላ ጮኸች።

ከዚያ እኔ በእጅና በእግሬ እየዳህኩ ገባሁ። አጎዛው አገጬ ሥር በጠፍር ታስሯል። ድብ እንዴት እንደሚጮህ በአሰላ የሚያውቅ አልነበረም፤ አስተማሪያችንም «ብቻ እንደ ውሻ አይሁን» ነበር ያለኝ። ስለዚህ ከማውቀው ድምፅ ሁሉ አስፈሪውን አወጣሁ። እናቴ ስታምጥ የሰማሁትን። ሕዝቡ ጸጥ አለ፤ ከዚያ አጨበጨበ። ከነጭ አቡጀዲ በተሠራው ዋሻ ውስጥ ገብቼ ከመዋዕለ ሕፃናት የተዋስናቸውን ሁለት ልጆች አቅፌ ተኛሁ። አስተማሪያችን በኩራት ድምፅ «እናቲቱ ልጆቿን በዚህ አኳኋን ከብርድ ትጠብቃለች» ብሎ አስረዳ። እንደገና ተጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ጭዱን ረስቼው ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር።

የነፍስ አባታችን የመጡት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። ማግሥቱን የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ፣ ቀዳሹም እሳቸው ስለሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲያሰናዱ ዘግይተዋል። ልጆቹን ሊመርቁ ተጠርተው ነው። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ። ከርእሰ መምህሩ ቢሮ የብረት ወንበር መጣላቸው። አስተማሪያችን ወንበሩን በእጁ ነካና ፊቱን ቅጭም አደረገ።

«አባታችን፣ ብረቱ ይቀዘቅዝዎታል፤ አንዴ ይታገሡኝ» አለ።

ወደ እኔ መጣና አገጬ ሥር ያለውን ጠፍር ፈታ። ለክቡር እንግዳ አጎዛ ይነጠፋል፤ ወጉ ነው። እናቱ ያስተማረችውን ነው ያደረገው። እኔ ግን የአጎዛውን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩ።

«አይሆንም!» አልኩ።

«ልቀቂ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አይሆንም!»

ሕዝቡ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ድቧ ቆዳዬን አልሰጥም አለች!» ብሎ ጮኸና ሳቁ ጨመረ። ቄሱም ሳቁ። «ተዋት፣ ልጄ፤ እኔ ዳዊት አይደለሁም፣ ከድብ ጋር አልታገልም» አሉ። አስተማሪያችን ግን በርእሰ መምህሩ ፊት አፈረ። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነቀለ «ስስት ነውር ነው። ከአንቺ አልጠበቅሁም ነበር» አለኝና አጎዛውን ወስዶ ወንበሩ ላይ ዘረጋው። በመዳፉ ሲያስተካክለው የገብስ ዱቄት ብን ብሎ ተነሣ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቄሱ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጎንበስ አሉ። እኔ ሁለቱን አደራ ይዤ ቆሜያለሁ። ቄስ እንዳይነካው ብላኛለች፤ ለማንም እንዳትናገሪ ብላኛለች። ሁለቱን አንድ ላይ መጠበቅ አልቻልኩም።

«አባ አይቀመጡ! የአራስ ነው! ከእማዬ ሥር ነው የወጣው!»

ሳቁ እንደ ሻማ ጠፋ። ቄሱ እንዳጎነበሱ ቆሙ፤ ከዚያ እንደ ወጣት ቀጥ አሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያን ጊዜ አስተዋሉ። አስተማሪያችን አጎዛውን እያየ ነው። ከፊት ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ፣ ትልቅ ጃንጥላ የያዘችው፣ በመገረም ጠየቀችኝ። ክፋት አልነበረባትም።

«እናትሽ ታዲያ ምን ላይ ነው የተኛችው?»

«ጭድ ላይ» አልኩ።

ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። ግን ከነፋሱ በቀር የሚሰማ ነገር ስላልነበረ ሁሉም ሰማው። ጆሮዬ ነደደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ያ ከሰል የተቀባ ልጅ ሁሉ፣ ያ ቅርንጫፍ የተሸከመ ሁሉ እኔን ያያል። የጸሐፊው ልጅ አፉን ከፍቷል። አሁን እውነተኛ መሆኔን አወቀ፤ ግን እንዲህ እንዲያውቀው አልነበረም።

ቄሱ አማተቡ። «ተመስገን፤ ልጅቷ ባትናገር ነገ እንዲሁ መቅደስ እገባ ነበር» አሉ። ይህን ካሉ በኋላ ግን ጫማቸውን አዩ። እንግዲህ ያፈሩት ከአራሷ አስቀድመው መቅደሱን ማሰባቸው ሲገባቸው ይመስለኛል። ካባቸውን ከፍተው ከሥር የደረቡትን ጋቢ ገፈፉና ሰጡኝ። «ለእናትሽ ውሰጂላት» አሉ። በስስ ቀሚሳቸው ላይ ካባ ብቻ ደርበው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ግቢው ታወከ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው መወቃቀስ ጀመሩ። «ጎረቤቷ ማን ነው?» «አንቺ አይደለሽ የጠየቅሻት?» «ጋቢ ተከናንባ አየኋት እንጂ ሥሯን ገልጬ ልይ?» «አራስ በመካከላችን ጭድ ላይ!» እያሉ እያንዳንዳቸው ወደየቤታቸው ሮጡ። ምን ሊያመጡ እንደሚሮጡ ገባኝ። ከእነሱ ቀድሜ ደርሼ እናቴን ላስጠነቅቃት ፈለግሁ፤ ግን አስተማሪዬ አጎዛውን ጠቅልሎ ታቅፎ አጠገቤ ይሄድ ነበር፤ ጥዬው የምሄድ መስሎት ነው መሰለኝ እጄን ይዞኛል።

የወንዙን ድንጋይ ስንሻገር «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። ትንሽ ሄዶ እንደገና፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ፣ «በተራ ንኩት፣ በተራ ንኩት እያልኩ» አለ። ከገና በኋላ ያን ሥዕል ልጆች «ድቧን ያሳዩን» ቢሉትም ከቁም ሳጥኑ አላወጣውም። «እሱን ጨርሰናል» ይል ነበር።

አጥራችን ጋ ስንደርስ ሴቶቹ በሌላ መንገድ ቀድመውን ገብተዋል። አስተማሪዬ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። አጎዛውን አጥሩ በር ላይ ለቆሙት አዋላጅ ሰጥቶ «አላወቅሁም፤ በእውነት አላወቅሁም» አላቸው። አዋላጇ አጎዛውን ታቅፈው እኔን ትከሻዬን ያዙኝ።

«ማል ጎቴ ኢንተላ ኮ? ምን አደረግሽ ልጄ?» አሉኝ። «እኔ ሳምንት ሙሉ አፌን የዘጋሁት እናትሽ ስለለመነችኝ ነው። አንቺ ለከተማው ሁሉ ነገርሽ?»

ቤት ውስጥ እናቴን ከመደቡ አንሥተዋት አንዲት ሴትዮ ይዛታለች። ሌሎቹ ጭዱን እየጠረጉ የየቤታቸውን አጎዛ ያነጥፋሉ፤ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡራቡሬ። አንዷ ቅቤ በቅል አምጥታለች፣ አንዷ የገንፎ ዱቄት፣ ባለጃንጥላዋ ብርድ ልብስ። እናቴ «ኧረ አለኝ፣ ኧረ አያስፈልግም፣ አትድከሙ» ትላለች፤ የሚሰማት የለም። ቀሚሷ ከጎኗ ተገልጦ የጭዱ ሰንበር ገላዋ ላይ ታትሞ ይታይ ነበር። ሴቶቹ አዩት። ማየታቸውን አየች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሲያስተኟት ተኛች፤ ሲያለብሷት ለበሰች፤ ገንፎውን ሲያጎርሷት ነጠላውን ከአፏ ገለጥ አድርጋ ጎረሰች።

ሴቶቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ እየመረቁ ሄዱ። እኔ በሩ አጠገብ የቄሱን ጋቢ እንደታቀፍኩ ቆሜያለሁ። እናቴ በዚያ ሁሉ አጎዛ ላይ እንደ ባላባት ሚስት ከፍ ብላ ተኝታለች። ወደ እኔ አላየችም። እንድትገርፈኝ፣ እንድትሰድበኝ እመኝ ነበር። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የምትለዋን ተረቷን እንኳ አልተረተችብኝም። ሕፃኗን አጠባች፣ አስገሳቻት፣ አስተኛቻት። ቆይታ ቆይታ ነው ነጠላውን ከፊቷ ያነሣችው።

«ጨዋታው እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ደኅና ነበር።»

«ድቧ እንዴት ነው የምትጮኸው?»

አላፈርኩም፤ ደስ ላሰኛት ብዬ አጎንብሼ ያን ድምፅ አወጣሁ፤ ከደረት ሥር የሚመጣውን፣ ረጅሙን፣ ወፍራሙን። ሕፃኗ ነቃች። የእናቴ እጅ ሕፃኗ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አንቺ» አልኳት። «ስታምጪ። ደጅ ቆሜ ሰማሁሽ።»

«በሰው ፊት ጮኽሽው?»

«አዎ። አጨበጨቡልኝ።»

ዓይኗን ከእኔ አነሣች። ጣራውን ነበር የምታየው። የምጧን ድምፅም አደባባይ ማውጣቴ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ፊቴን በቄሱ ጋቢ ሸፈንኩት።

«እንግዲህ የቀረኝ የለም» አለች በመጨረሻ። የብርድ ልብሱን ጠርዝ ገለጥ አደረገችልኝ። «በሩን ዝጊና ነይ ግቢ፣ ይበርድሻል።»

በሩን ዘግቼ ሥሯ ገባሁ። አጎዛዎቹ የሰው ቤት የሰው ቤት ይሸታሉ።